ከአስር አስር

የፍቅር ታሪክ ዓይን ለዓይን በመጋጨት ይጀምራል ይላሉ። የእኔ የጀመረው ሰው ጫማዬ ላይ አስመልሶብኝ ነው።

ኅዳር ነበር፤ የዝግጅት ጊዜው የመጀመሪያ ሳምንት። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አናት ይበሳል። እንደ ወጋችን ልጆቹን ሁለት ኪሎ ሜትር አስሮጥናቸው። እኔ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓት ይዤ ቆሜያለሁ። ቁጥር የሌለው ማልያ የለበሰ አንድ የማላውቀው ረጅም ልጅ ሁሉንም ጥሎ ቀድሞ ገባ። ገብቶ እፊቴ ቆመና አየኝ፤ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቁርሱ ነበር።

"ስድስት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ" አልኩት።

ኔሪዳ ሃሎራን እባላለሁ። እዚህ ሜልበርን፣ ወደቡ አጠገብ ባለው ክለባችን ውስጥ ሞላላዋን ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አካል የምከታተለው እኔ ነኝ። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። አርባ ሦስት ወንዶች ጠዋት ከቤታቸው ሳይወጡ ስልካቸው ላይ ቅጽ ይሞላሉ። እንቅልፍ ከአስር ስንት? ጡንቻ ከአስር ስንት? መንፈስ ከአስር ስንት? አስር ማለት ምንም አልሆንኩም ማለት ነው። እኔ አነብና ማን ሙሉ ልምምድ ይሠራል፣ ማን ግማሽ፣ ማን ብስክሌት ላይ ይቀመጣል ብዬ ጽፌ ከቁጥሮቹ ጋር ለፒርሲ እሰጣለሁ። ፒርሲ የአካል ብቃት አለቃችን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሁለቱም ጉልበቱ የተቀደደ፣ ሻዩን ቆሞ የሚጠጣ ሰው። ጨዋታ ባለበት ቀን ደግሞ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ "ዝግጁ" ወይም "አይሰለፍም" ብዬ እፈርማለሁ።

ያ ያስመለሰው ልጅ ጆል ሺርመር ይባላል፤ የሙከራ ልጅ ነበር። የሙከራ ልጆች ሙሉውን በጋ ያለ ውል ከቡድኑ ጋር ይሠለጥናሉ። ማልያቸው ቁጥር የለውም፣ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው፣ ሎከራቸው ላይ ስማቸው የሚጻፈው በፕላስተር ነው፤ በኋላ ለመላጥ እንዲመች። በዚያ ዓመት ዝርዝራችን ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ነበረች። ለእሷም ሁለት ልጆች መጡ፤ ጆልና ኤልዮት ቫርኮ። ምዝገባው በየካቲት መጨረሻ፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ያኔ አንዱ ቁጥር ያገኛል፣ አንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጆል ዕድሜው ሃያ አራት ነው፤ ከዲምቡላ ከተማ ወዲያ ካለ የስንዴ እርሻ ነው የመጣው። ልጆቹም ሳይውል ሳያድር "ስንዴው" አሉት። ለምልመላ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ የሚመርጠው ጠፍቷል። ይሄ ሦስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠራው ክለብ እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከባሌ ከተፋታሁ ሁለት ዓመቴ። ቤቴ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ እሱንም ቅዳሜና እሁድ እየሰማሁ ከማበድ ብዬ ሥራ እገባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቅጹን ስከፍት ከታች ያለችው ባዶ ሣጥን ውስጥ ጽሑፍ አለ። "ሌላ የሚጨምሩት ካለ" የምትለዋ ሣጥን ናት፤ በተለምዶ ከእኔ በቀር የሚያነባት የለም። ማንም አይሞላትም፤ ቢሞላትም "ፒርሲ ይባረርልን" ዓይነት ቀልድ ነው። ጆል ግን እንዲህ ብሏል፦ "ትናንት ስለ ጫማሽ ይቅርታ። አዲስ ነበር?"

አዲስ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ፤ ብቻዬን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጻፈ። በኅዳር ወር አምስት ቃል የነበረው በታኅሣሥ ወር አምስት መስመር ሆነ። "ዛሬ አባቴ የመጨረሻውን ስንዴ አጨደ። ከተወለድኩ ጀምሮ እኔ ሳልኖር ሲያጭድ የመጀመሪያው ነው።" ሌላ ቀን ደግሞ፦ "ቤት የተከራየሁባቸው ሰዎች ደጎች ናቸው። እራት ላይ ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም፣ ግን አብሬ እስቃለሁ።" እሷን ያነበብኩ ቀን አንጀቴን በላው። እኔም ከዓመት በፊት በእህቴ ገበታ ላይ እንደዚያው ነበርኩ።

በጽሑፍ መልሼለት አላውቅም። እዚያ ቅጽ ላይ የሰፈረ ነገር አይጠፋም፤ ማን እንዳነበበው፣ በስንት ሰዓት እንዳነበበው ሳይቀር ይመዘገባል። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ሠራተኛና ተጫዋች አይቀራረቡም፣ በተለይ የምትፈርመዋ ሠራተኛ። ግን ከልምምድ በፊት ቁርጭምጭሚታቸውን በፕላስተር የምጠቀልለው እኔ ነኝ። የጆልን ጠቅልዬ ስጨርስ በእስክሪብቶ ጫር አደርግበትና ካልሲውን ወደ ላይ እስበዋለሁ። መጀመሪያ "አዲስ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። አጎንብሶ አነበበና ቀና ሲል ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ሌላውን ሁሉ ሲያዩት ፊቱ እንደ እርሻ አጥር ድርቅ ያለ ነው፤ ጆሮው ግን ምስጢር አይችልም።

እንዲህ ሆነን ሁለት ወር አለፈ። እሱ በሣጥኗ፣ እኔ በፕላስተሩ። ሜዳ ላይ ሰዓቱን ሳነብለት ሁለታችንም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሌላ ሌላውን እናያለን፤ ዞር ሲል ግን ጀርባውን እስከ ሌላው ጎል ድረስ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት ለመንጋት መቸኮሌ አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ።

በጥር አንድ እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ዊሊያምስታውን ባሕሩ ዳር ተገናኘን። እሱ አሮጌ ፒክአፑ ውስጥ ሆኖ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ጠቅልሎ ጠበቀኝ። ሰው እንዳያየን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠን ልክ እንደ ሌባ ተኝተን በላን። ሳቅን፤ ስለ አለቃዬ፣ ስለ እናቱ በግ፣ ስለ ኤልዮት ሽቶ። እሱ ከፊት ለፊታችን ያለውን ውኃ እያየ ጠየቀኝ።

"አንቺስ? ዛሬ ከአስር ስንት ነሽ?"

ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እጠይቃለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቀልድ ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት። "አራት" አልኩት።

"እኔም አራት ነኝ" አለ። "ፒርሲ ግን አስር እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው። የሙከራ ልጅ ከአስር በታች ከሞላ አለቀለት።"

ጨውና ኮምጣጤ የሸተተ እጁን እጄ ላይ አሳረፈው። ሌላ ምንም አላደረግንም። ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ወፎቹ ኮፈኑ ላይ ተሰበሰቡ፣ እኔም ከዚያች መኪና መውረድ አልፈለግኩም።

ፒርሲ የማያውቅ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ። በየካቲት መጀመሪያ ላይ ሻዩን ይዞ በክፍሌ በር ላይ ቆመና ስንዴው እግሩን መታሰር ወደደ አሉ፣ ድሮ ራሱ አልነበር የሚያስረው ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ቀልዱን በቀልድ አለፍኩት። ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ግን ተመልሶ፣ የአንቺን ፊርማ የማምነው የማንንም ፊት ስለማታዪ ነው አለኝ። አልዛተም፣ አልተቆጣም። ያን ቀን የጆልን ቁርጭምጭሚት ስጠቀልል ምንም አልጻፍኩም። አጎንብሶ ፈለገ፣ አጣ፤ ካልሲውን ራሱ ሳበው። ሲወጣ ጠርቼ ምክንያቱን ልነግረው እየፈለግኩ ሌላ ልጅ እግሩን ሊያስጠቀልል የሕክምና አልጋዬ ላይ ወጣ።

እሱ ግን ሣጥኗን አልተዋትም። መልስ ሳላገኝም እጽፋለሁ፣ የሚያነብ ሰው እንዳለ ማወቁ ይበቃኛል ብሎ ጻፈልኝ አንድ ቀን።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ከምዝገባው በፊት የቀረችው አንዲት የልምምድ ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ናት። አሠልጣኙ በግልጽ ነግሯቸዋል፤ ሁለቱንም አጫውታለሁ፣ ሰኞ አንዱን እወስዳለሁ። ጆል ሙሉውን በጋ ከኤልዮት ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ነበር፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ዲምቡላ ያሉ ወላጆቹ የአራት ሰዓት መንገድ ነድተው ሊያዩት ተነስተዋል።

ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ቅጹን ከፈትኩ። እንቅልፍ አስር። ጡንቻ አስር። መንፈስ አስር። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦

"አስሮቹ ለፒርሲ ናቸው፤ ይሄኛው ለአንቺ ነው። ከሐሙስ የመጨረሻ ሩጫ ጀምሮ ግራ ባቴን ይዞኛል። ደረጃ ስወርድ ያመኛል፤ ስሞቅ ይለቀኛል። ለእናቴም አልነገርኩም። ዛሬ እጫወታለሁ። አንቺ ብቻ እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባት ተንኮለኛ ነገር ነው፤ ሞቆ ይለቅና በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ላይ እንደ ቆየ ጨርቅ ይቀደዳል። ከተቀደደ ሰኞ ብቻ ሳይሆን ዓመቱ ሙሉ ይሄዳል። ላይቀደድም ይችላል። እንዲህ ሆነው ተጫውተው ምንም ያልሆኑ አሥር ልጆች አውቃለሁ፤ የሆኑም አውቃለሁ።

ስልኬን አነሳሁ። ስሙን አወጣሁት። ምን ልበለው? አትጫወት ብለው እሺ አይልም፤ ይለምነኛል፤ ከለመነኝ ደግሞ እምቢ ማለት እንደማልችል አውቄዋለሁ። ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ለራሴ የነገርኩት ስለ ባቱ ፈርቼ ነው ብዬ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያቺን ጽሑፍ ማንበቤ መመዝገቡ ነበር። አስራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ ኔሪዳ ሃሎራን። እሱ ሜዳ ላይ ቢወድቅና ሰው ያንን ቢከፍት ምን እላለሁ? እንጀራዬ ነው፤ ከዚህ ክለብ ሌላ ደግሞ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አልነበረኝም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከስሙ አጠገብ "ግራ ባት፤ አይሰለፍም" ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ወጣ። ኋላ ላይ በጣም የጠላሁት ይህንን ነው።

ፒርሲ ወረቀቱን አንብቦ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

አሰላለፉ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጆቹ ተንጋግተው ሄዱ። እኔ አልጋዬ አጠገብ ፕላስተር እቆርጣለሁ፤ ለማንም የማይሆን ፕላስተር። አንዱ "ስንዴው ምን ሆኖ ነው?" ሲል ሰማሁ። ጆል ወረቀቱ ፊት ቆሟል፣ አንዱን ጫማውን አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዞ። አርባ ሰው መሀል ዞረና እኔን ብቻ አየኝ።

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ያየኝ መንገድ ጠፍቶት መንገደኛን እንደሚያይ ሰው ነው፤ ምናልባት አልተሳሳትሽም ወይ እንደማለት። እኔ ዓይኔን ወደ መቀሱ መለስኩ።

ኤልዮት ቫርኮ ያን ቀን በሕይወቱ ተጫውቶት የማያውቀውን ጨዋታ ተጫወተ፤ አራት ጎል። ጆል አጥሩ ጋ ከወላጆቹ መሀል በቤት ልብሱ ቆሞ አጨበጨበ። እናቱ ለእሱ የሠራችው ኬክ የታሸገበትን ሣጥን እንደታቀፈች እስከ መጨረሻው ቆመች። አጠገባቸው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተነሳሁና ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

እሁድ ዕለት ክለቡ ባቱን በኤምአርአይ አስመረመረው። ሐኪሙ ትንሽ ስንጥቅ አለች፣ ሦስት ሳምንት ትፈልጋለች አለኝ። ቢጫወት ኖሮስ አልኩት። ሊቀደድ ይችል ነበር፣ ላይቀደድም ይችል ነበር፣ ማን ያውቃል አለኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሌሊቱን ንግግሬን ሳሰናዳ አደርኩ፤ ይኸው አየህ፣ ዓመቱን አተረፍኩልህ የሚል ንግግር።

ሰኞ፣ ቦታዋ ለኤልዮት እንደሆነች ተነግሮት፣ ምዝገባው ከመዘጋቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ጫማውን ሊወስድ መጣ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው። የምርመራውን ወረቀት ይዤ ሎከሮቹ መሀል ቆምኩና ያሰናዳሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስንጥቋን በጣቴ አሳየሁት። ስናገር ድምፄ እየሞቀ ሄደ፤ ልክ መሆኔ እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጆል እስክጨርስ ጠበቀኝ። ጫማዎቹን በክራቸው አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠላቸው።

"ስለ ባቴ ልክ ነሽ" አለኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ለምን አልደወልሽልኝም?"

"እንዳትለምነኝ ብዬ።"

"ደውለሽ 'ልነግራቸው ነው' ብትዪኝ ኖሮ ራሴ ፒርሲ ጋ ሄጄ እነግረው ነበር። የመጨረሻዬም ቢሆን በራሴ አፍ ይሆን ነበር። አባቴ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ 'አመመኝ ብለህ ለምን አልነገርካቸውም፣ እንደዚህ ነው ያሳደግንህ?' አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ።"

አድነኝ ብለህ ጽፈህልኝ የለ ወይ ልለው አስቤ እንዳላለ ትዝ አለኝ። እሱ ራሱ የልቤን ያወቀ ይመስል ቀጠለ።

"እንድታድኚኝ አልነበረም የጻፍኩልሽ፣ ኔሪዳ። እግሬን አውቀዋለሁ፤ ስሮጥ ሊቀደድ እንደሚችልም አውቅ ነበር። አራት ወር ሙሉ እዚህ ለሁሉም ሰው አስር ነኝ። እዚያ ሜዳ ውስጥ ስገባ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እንዴት እንደሆንኩ እያወቀልኝ ልግባ ብዬ ነበር።"

የያዝኩት ወረቀት እጄ ላይ ከበደኝ። በዚያች ሣጥን ውስጥ ሰው ልቡን አስቀምጦልኝ ነበር፤ እኔ ወስጄ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት እየሳቅኩ ያነበብኩት ሁሉ፣ አባቱ፣ ስንዴው፣ የሰው ገበታ ላይ የሚስቀው ሳቅ፣ እምነት ነበር። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ የሠራተኛ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ከኋላው ተደበቅኩ። እንባዬ መጣ፤ አልያዝኩትም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዬው የማላውቀውን ነገር ያኔ አልኩት። ከሁሉ በከፋው ሰዓት፣ በከፋው ቦታ፣ የላብ ሽታ ባለበት ክፍል ውስጥ።

"እወድሃለሁ" አልኩት።

ፊቱ ለስለስ አለ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ያህል፣ ጫማዎቹን አውርዶ የሚቀመጥ መሰለኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ለዚህ ነው የነገርኩሽ።"

ከዚያ ወጣ። በመስኮቱ ሦስቱን ደረጃዎች ሲወርድ አየሁት፤ በግራው ሲረግጥ ቆጠብ እያደረገ። ያኔም እንኳን ዓይኔ አካሄዱን መለካቱን አልተወም፤ ራሴን ታዘብኩት። ጫማዎቹን ፒክአፑ ላይ ወርውሮ ገባና በሩን ዘጋ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀመጠ። እኔም ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም። በመሀላችን ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሂጂ፣ በሩን ከፍተሽ ግቢ እላለሁ ለራሴ፤ ገብቼ ምን እንደምለው ግን አላውቅም ነበር። ከሜዳው የልጆቹ ጩኸት ይሰማል። እሱ ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱም እኔ እወጣለሁ ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነን ቆየን፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ።